ጀግናሽ ፌዘኛ የመሰለው ለምንድን ነው?

ችግሩ ቀልዱ ሳይሆን ቀልዱ የሚያርፍበት ሰው ነው፣ እህቴ። በላክሽው የልብወለድሽ ምዕራፍ ጀግናሽ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚስቀው በቅቤ ሻጯ የገጠር አነጋገር ነው። አንባቢዎችሽ «አንወደውም» ያሉት ለዚህ ነው። ቀልዱን አትሰርዢው፤ ወደ ራሱ አዙሪው። ዋጋ መከራከር አለመቻሉ ያስቅ።

ሁለተኛው ቀልድ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ደግነት ያድርግ፤ ትንሽ፣ ግን የሚያስከፍለው። የሴትዮዋን ዕቃ እስከ አዘዞ ታክሲ ተሸክሞ ከፍቅረኛው ቀጠሮ ይዘግይ። የዘገየበትን ምክንያት ለፍቅረኛው እሱ አይንገራት፤ ከሌላ ሰው ትስማ።

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጄን ኦስተንን ገጸ ባሕርይ ሄንሪ ቲልኒን እዪው («ኖርዛንገር አቢ»፣ 1817 እ.ኤ.አ.)። በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ጭፈራ ቤት ውስጥ የልብወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ካትሪንን የሚያስቃት፣ እንግዳ የሚጠየቀውን የተለመደ ጥያቄ አጋንኖ በማስመሰል ነው፤ የሚቀልደው በወጉ ነው። የሙስሊን ጨርቅ ዋጋም ያውቃል፣ ለእህቱ ቀሚስ ይመርጥላታልና። አባቱ ካትሪንን ከቤት ሲያባርራት ግን ከአባቱ ተጣልቶ ተከትሏት ይሄዳል። ያ ባይኖር ኖሮ ጨዋታ አዋቂ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። (መሃል ላይ አስተማሪ አስተማሪ ይለዋል፤ እሱን አትቅጂ።)

አንድ ጥንቃቄ፦ የጀግናሽ ፍቅረኛ ሳቂ ብቻ እንዳትሆን። እሱ ሰሙን ሲጥል ወርቁን እሷ ታውጣ፤ ከሦስት ቀልድ ቢያንስ በአንዱ ትርታው። አለበለዚያ አንባቢ ታዳሚ አድርጎ ይቆጥራታል፣ ፍቅሩንም አያምንም። ስለ ጀግናሽ «ተጫዋች ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ከምዕራፉ አውጪው።