የሂንዱ ቤተ መቅደስ ግቢ ብንገባ ኃጢአት ይሆንብናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ባለቤቴ ሕንድ አገር ቼናይ ከተማ ለዶክትሬቱ ይማራል። እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ወደ እሱ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆነን። ትልቋ 11፣ ትንሹ 6 ዓመቱ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖሩት አከራዮቻችን ታሚሎች ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ሂንዱ ነው። ልጄ በደንጊ ትኩሳት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እናትየዋ ሦስት ሌሊት አብራኝ አድራለች። አሁን በታኅሣሥ የትምህርት ቤት ዕረፍት በመኪናቸው ይዘውን ሊሄዱ አስበዋል። ከማሃባሊፑራም ተነሥተን ባሕሩን ይዘን ቺዳምባራም፣ ራሜስዋራም፣ ከዚያ እስከ ካንያኩማሪ ነው። አብዛኛው የቤተ መቅደስ ጉብኝት ነው። ባለቤቴ «ሽርሽር ነው፣ ምን አለበት?» ይላል። አንዲት እኅት ደግሞ «እግራችሁ ከረገጠ ንስሐ ያስፈልጋችኋል» አለችኝ። ጫማ ማውለቁስ? ግንባር ላይ የሚቀቡትስ? የሚያድሉት ምግብስ? ባለፈው ሳምንት ልጄ ከእነሱ ጋር ውላ ግንባሯ ላይ ቀይ ተቀብታ መጣች። ደንግጬ አለቀስኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሂዱ። ግን ድንበራችሁን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለሰዎቹ ንገሯቸው።

«እግር ከረገጠ» የሚለውን ነገር አልቀበለውም። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ሲገባ ከተማዋ ጣዖት ሞልቶባት ነበር። ተዘዋውሮ አየ። አንድ መሠዊያ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር አነበበ (ሐዋ. 17፥23)። መንፈሱ ተበሳጭቷል፤ እግሩ ግን አልረከሰም። ኤፌሶን ላይ ስለ አርጤምስ ረብሻ በተነሣ ጊዜ ደግሞ የከተማው ጸሐፊ ስለ ጳውሎስ ጓደኞች ምን ብሎ እንደመሰከረ አንብቢ። እነዚህ ሰዎች መቅደስ አልዘረፉም፣ አምላካችንንም አልሰደቡም አለ (ሐዋ. 19፥37)። ይህን ምስክርነት በጣም እወደዋለሁ። ጣዖት የማያመልኩ መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን ስድብ አልተገኘባቸውም።

ስለዚህ ልጆችሽን ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስጠኚያቸው። ትንሹ ልጅሽ የዝሆን ራስ ያለውን ሐውልት ሲያይ መሳቁ አይቀርም። ሕፃን ነው። ግን በጣት መጠቆምና መሳቅ ነውር መሆኑን ከቤት ተነግሮት ይሂድ። እኛ የማናመልከው ነገር ፊት ለፊቱ ሌላ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ታመመ ልጁ ይለምናል። እዚያ ሰው ላይ አይሳቅም።

ማሃባሊፑራም ላይ ምንም አትጨነቂ። ከቼናይ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጀመሪያ የምትደርሱትም እዚያ ነው። በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፓላቫ ነገሥታት ያሠሩት ነው። አምስቱ ሠረገላዎች የሚባሉትን ልጆችሽ በደንብ ይዩዋቸው። ከቆመ ዐለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈሉ የወጡ ናቸው። «ላሊበላ እንዴት ተሠራ?» ብላ ለምትጠይቅ የ11 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ድንጋይ ከላይ ሲወቀር ስሕተት እንደማይታረም ዓይኗ እያየ ይገባታል። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ ይህኛው ደግሞ በ1984 (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ዛሬ ሰው የሚሄድበት እንደ ቅርስ ለማየት ነው። ፎቶ ተነሡ፣ ባሕሩን እዩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ግን በየቀኑ አምልኮ የሚካሄድባቸው ናቸው። ጥንቃቄው እዚያ ነው የሚጀምረው።

ጫማ ማውለቅ አምልኮ አይደለም። እዚያ አገር ሰው ቤትም ስትገቢ ታወልቂያለሽ፣ ሁለት ዓመት ኖረሽበታል። በሕንድ ኬረላ ግዛት ያሉት የማላንካራ ኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንም እንደ እኛው ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚቀድሱት። በባዶ እግር ግቢውን ዞሮ የድንጋይ ሥራውን፣ ረጃጅሙን በር፣ ዓምዱን ማየት ጉብኝት ነው። ደግሞ እወቂ፣ በብዙ ትልልቅ ቤተ መቅደሶች ውስጠኛው ክፍል ድረስ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም። ድንበር ማበጀት ለእነሱ እንግዳ አይደለም። እኛስ ብንሆን በቅዳሴ ላይ ንዑሰ ክርስቲያን እንዲወጡ እናውጅ የለም? አከራዮችሽ «እኛ እዚህ ጋ እንቆማለን» ብትያቸው በደንብ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ልጅሽ ግንባር ልምጣ። ያለቀስሽበት ነውና።

ሴቶቹ ለጌጥ የሚለጥፉት ቢንዲ አለ። ሱቅ ውስጥ ካርድ ላይ ተለጥፎ የሚሸጥ ነው። እሱ እንደ ኩል ነው። ካህናቸው ከጸሎቱ በኋላ የሚሰጠው ቀይ ዱቄት ኩምኩም ወይም ነጩ አመድ ቪቡቲ ግን ከአምላካቸው የተቀበሉት በረከት ነው፣ እነሱም የሚቀቡት በዚያ እምነት ነው። ልጅሽ የትኛውን እንደተቀባች ጠይቂያት። በጌጥ ከሆነ ነገሩ አለቀ። የቤተ መቅደሱ ከሆነም ልጅቷ ኃጢአት አልሠራችም። አላወቀችም፣ እናትየዋም በፍቅር ነው የቀባቻት። እጠቢላት፣ አትጩኺባት። ከዚያ አስቀምጪና ክርስትና በተነሣች ቀን ግንባሯ ሜሮን እንደተቀባ ንገሪያት። «ይህ ቦታ የተያዘ ነው» በያት። ልጆች እንዲህ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ ደስም ይላቸዋል።

ስለ ምግቡ ስጽፍ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ገና ዲያቆን ሳለሁ ኮታየም በሚገኘው የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ ለጥቂት ጊዜ ተምሬ ነበር። በ1815 በፈረንጅ አቆጣጠር የተመሠረተ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን የጎረቤት አሮጊት በትንሽ ሳህን ፓያሳም ይዘውልኝ መጡ። በወተትና በስኳር የሚበስል የሩዝ ጣፋጭ ነው። ከቤተ መቅደስ እንደመጣ ስሰማ እጄን አርቄ «የጣዖት ነው!» አልኩ። ቋንቋውን ባያውቁም ፊቴን አነበቡት። ሳህኑን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ያንን ጀርባ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በኋላ አንድ መምህሬ ጠርተው እንዲህ አሉኝ፦ «አለመብላትህ ትክክል ነው። አነጋገርህ ግን የክርስቲያን አይደለም። በማግስቱ ሄደህ ቤታቸው ያበሰሉትን ሻይ ለምነህ ጠጣ።» ሄድኩ። ጠጣሁ። እኚያ እናት እስከምሄድ ድረስ ልጄ ይሉኝ ነበር።

ሐዋርያው የተናገረው ይኸው ነው። የማያምን ሰው ቤቱ ቢጠራችሁ፣ መሄድም ብትወዱ፣ ሳትመራመሩ ብሉ ይላል። ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ያላችሁ ካለ ግን አትብሉ (1ኛ ቆሮ. 10፥27-28)። ስለዚህ አከራይሽ ከቤቷ ቋጥራ የያዘችውን የሎሚ ሩዝ መንገድ ላይ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ብሉ። መንገድ ዳር ሆቴል በእንፋሎት የሚበስለውን የሩዝ ቂጣ ኢድሊውንም፣ ስሱን ቂጣ ዶሳውንም ብሉ። ከቤተ መቅደስ የሚታደለው ፕራሳድ ግን በስሙ ተጠርቶ፣ ለአምላካቸው ቀርቦ የተመለሰ ነው። እሱን አትቀበሉ። ካቀረቡላችሁ ሁለት እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ጎንበስ በይና «ለእናንተ ይሁን» በያቸው። ልጆቹም ይህን ይለማመዱ።

እግረ መንገዴን፦ ጉዞው የሚውለው በጾመ ነቢያት ነው። የደቡብ ሕንድ ምግብ ሥጋ ባይኖረው እንኳ ጾም እንዳይመስልሽ። ዶሳው በቅቤ ይቀባል፣ ሩዙ በእርጎ ይበላል፣ ቡናው ወተት ነው። ኢድሊ ሳምባር በሚሉት የክክ ወጥ ከሁሉም ይሻላል። ቅቤ እንዳያስገቡበት አስቀድመሽ ተናገሪ።

ከሁሉም ይበልጥ እንድትጠነቀቂ የምፈልገው ራሜስዋራም ላይ ነው። እዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ 22 የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ሰው መጀመሪያ ባሕሩ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሄደ በባልዲ ይፈስስበታል። ሙቀት ነው፣ ልጆች እየሳቁ ይሮጣሉ፣ ውኃው ደስ ይላል። ያንቺም ልጆች መግባት ይፈልጋሉ። ለዓይን ጠበል ይመስላል። ለአንቺም ልብሽ ጠበል ቤቱን ያስታውስሻል፣ በተለይ አገርሽ ከናፈቀሽ። ግን እነሱ እዚያ የሚነከሩት ከኃጢአት ለመንጻት ነው። ትውፊታቸው ራማ የሚሉት አምላካቸው ራቫና የሚባለውን ንጉሥ ከገደለ በኋላ ለዚያ ደም ሥርየት ፈልጎ እዚያ እንዳመለከ ይናገራል። እኛ ለኃጢአት ሥርየት አንዲት ጥምቀት እናምናለን። በየእሑዱ በጸሎተ ሃይማኖት የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እነሱ ሲነከሩ እናንተ ውጭ ጠብቁ። ልጆቹ መዋኘት ካማራቸው ከቤተ መቅደሱ ራቅ ብሎ ባሕሩ አለ፣ እዚያ ይዋኙ።

ባለቤትሽ ንዕማንን ሊጠቅስብሽ ይችላል። ጥሩ ጥቅስ ነው፣ በሬሞን ቤት ስሰግድ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ያለውን ማለቴ ነው (2ኛ ነገ. 5፥18)። ግን ንዕማን የንጉሥ ባለሟል ነበር። ጌታው እጁን ተደግፎት ሲሰግድ አብሮ መጎንበስ ግዴታው ነበር። እናንተን ማንም አላስገደዳችሁም። ደግሞም ነገሩ ከበደው፣ ይቅርታ ጠየቀ። «ምን አለበት?» አላለም። እኔ ባለቤትሽን የምለምነው ስለ እሱ አይደለም። እሱ የተማረ ሰው ነው፣ ጣዖት ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። ሐዋርያው ግን አንተ የምታውቀው እውቀት ደካማውን ወንድምህን እንዳያሰናክለው ተጠንቀቅ ይላል (1ኛ ቆሮ. 8)። በዚህ መኪና ውስጥ ደካማው ማን ነው? የ6 ዓመቱ ልጅ ነው። አባቱ በአምልኮው ጊዜ የሚዞረው እሳት ላይ እጁን ዘርግቶ ወደ ፊቱ ሲያስጠጋ ካየ፣ ወደ ቤት ተመልሶ ሥዕለ ማርያም ፊት ያንኑ ያደርጋል። ልዩነቱን በምን ያውቃል?

ስለዚህ የሚዞረውን እሳት አርቲን አትቀበሉ፣ እጅ አጋጥማችሁ አትስገዱ፣ መብራትም አታብሩ። ወደ አሕዛብ ቤተ ጣዖት ዘይት መውሰድና መብራት ማብራት በሐዋርያት ቀኖና በግልጽ የተከለከለ ነው። ሰው ሰላም ስትሉ ግን እጅ አጋጥሞ «ቫናካም» ማለት ሰላምታ ነው፣ አትፍሪው።

አንድ የማታስቢው ነገር ደግሞ አለ። አከራይሽ ልጅሽን ስለምትወደው ብቻ በስሙ አርቻና ልታስደርግለት ትችላለች። ትንሽ ገንዘብ ተከፍሎ ካህኑ የሰውዬውን ስምና የተወለደበትን ኮከብ ጠይቆ በስሙ የሚያቀርበው ጸሎት ነው። ከሕመሙ በኋላ ስለት ይኖርባት ይሆናል። ይህን አስቀድመሽ በፍቅር ንገሪያት። «ልጄን እንደ ልጅሽ አስታምመሽልኛል፣ ውለታሽን አልረሳም። ስሙን ግን እኛ ለአምላካችን ሰጥተነዋል፣ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል። እዚያ አታስጠሪብኝ» በያት። እናት ናት፣ ትረዳሻለች።

ካንያኩማሪ ስትደርሱ ከባሕሩ ውስጥ ቆሞ የምታዩት ትልቅ ሐውልት አምላክ አይደለም። ቲሩቫሉቫር የሚባል የታሚል ባለቅኔ ነው። የግጥም መጽሐፉ 133 ምዕራፍ ስላለው ሐውልቱም ከመቆሚያው ጋር 133 ጫማ ሆኖ ተሠርቷል። በጀልባ ሄዳችሁ እዩት። ልጆችሽ ቅኔ እንዲህ የሚከበርበት አገር እንዳለ ይወቁ።

እናንተም በተራችሁ ጋብዟቸው። ከቺዳምባራም ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቬላንካኒ ላይ በእመቤታችን ስም የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። የካቶሊኮች ስለሆነ አትቆርቡም። ግን ግቡና ጸልዩ። ብዙ ሂንዱዎችም ይሳለሙታል፣ አከራዮችሽም ሳያውቁት አይቀሩም። ቼናይ ውስጥ ደግሞ በማይላፖር ሰፈር የቅዱስ ቶማስ መቃብር የሚባለው ቦታ አለ፣ እሱም በካቶሊኮች እጅ ነው። እኛ በየወሩ በ26 የምናስበው ቶማስ ዘሕንደኬ፣ ግንቦት 26 ስንክሳሩ የሚነበብለት ሐዋርያ ማለት ነው። ልጆችሽ ስሙን የሚያውቁት አባት በእግሩ የሄደበት አገር ነው ያላችሁት። እዚያው ከተማ የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1965 በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ የእኅት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች ሲሰበሰቡ የሕንዶቹም አብረው ነበሩ። የእምነት እኅታችን ናት። ቅዳሴውን ሂዳችሁ አስቀድሱ፣ ስለ ቁርባኑ የንስሐ አባትሽን በስልክ አማክሪ።

ከጉዞው ስትመለሱ ለገና ጥቂት ቀን ይቀራል። አከራዮችሽን ጥሪያቸው። ሥጋ የማይበሉ ከሆኑ ሽሮና ምስር በዘይት ሥሪላቸው። ድስቱ ግን አዲስ ይሁን፣ ማማሰያውም። ሥጋ የነካው ዕቃ ለእነሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲስ መሆኑንም ሲገቡ ንገሪያቸው፣ ሳይሳቀቁ እንዲበሉ።