«ፕሮጀክቱን የሚሠሩት ልጆቹ አይደሉም»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል መምህርት ስሆን፣ በክፍሌ 60 ያህል ልጆች አሉ። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በፕሮጀክት እንዲማሩ ስለሚፈልግ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ «የቤት ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ» እንላቸዋለን። ተሠርቶ የሚመጣው ግን የታላቅ ወንድም ወይም የአናጢ ሥራ ነው፤ ቤተሰቦቹ ካርቶንና ኮላ መግዛት ያልቻሉለት ልጅ ደግሞ በዚያን ዕለት ከትምህርት ይቀራል። ዘዴው መልካም እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን በዚህ የተማሪ ብዛትና በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ የዓመቱን ትምህርት ሳላጓድል እንዴት ልተግብረው?

አንዲት መምህርት

ውድ መምህርት፣

ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ሞዴል በፕሮጀክት መማር አይባልም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1918 በጽሑፍ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዊሊያም ኪልፓትሪክ መሠረት ያደረገው፣ ልጁ ዓላማውን የራሱ አድርጎ በሙሉ ልቡ የሚሠራውን ሥራ ነበር። ስለዚህ ሥራው ከክፍል አይውጣ፤ መነሻውም ልጆቹ በእጃቸው መልስ የሚያገኙለት ጥያቄ ይሁን።

ለምሳሌ «ባቄላ ጨለማ ውስጥ ይበቅላል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ «አይበቅልም» ማለታቸው አይቀርም። ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፣ እስከ መጨረሻውም አያጥፉት። ስድስት ስድስት ሆነው በቡድን ይቀመጡና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ፣ እርስዎ አስቀድመው ቆርጠው ከሥር በበሷቸው ሁለት ባዶ ሃይላንዶች ይዝሩ፤ አንዱ መስኮት ሥር ይቀመጥ፣ ሌላው በካርቶን ይከደን። በከተማችሁ ብርድ ቡቃያው ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ልጆቹን አስቀድመው ያስታግሷቸው። ከበቀለ በኋላ ቁመቱን በክር እየለኩና ክሩን እየቆረጡ በተርታ ወረቀት ላይ ይለጥፉት፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ የትኛው እንደረዘመ ከዚያ ያያል። የተከደነው ቀጥኖና ገርጥቶ ሲረዝም፣ ብርሃን ያገኘው አጠር ብሎ ሲለመልም ያያሉ፤ «ታዲያ የቱ ነው ጤነኛው?» የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ይነሣል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም ይህንን ሰዓት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ልኬቱ ሒሳብ፣ የዕፅዋት ክፍሎች አካባቢ ሳይንስ፣ ያዩትን መጻፍ ደግሞ አማርኛ ስለሆነ ክፍለ ጊዜውን ከሦስቱም ይውሰዱ። በየቀኑ ሁለት ቡድን ብቻ ይለካ፤ ሌሎቹ ይጻፉ ወይም ይሣሉ። ፊደል ማስቆጠርንና ንባብን ግን በፕሮጀክት አይተኩ፤ እነዚህ በየዕለቱ በቀጥታ መሰጠት አለባቸው።

በቡድኑ ውስጥ ጎበዙ ልጅ ብቻ እንዳይሠራ ለኪውን፣ ለጣፊውንና ተናጋሪውን በየጊዜው ይቀያይሩ። ለተከታታይ ምዘናውም ሥራው ማማሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ልጅ «ምን አየህ? ለምን ይመስልሃል?» ብለው ጠይቀው የሰጠዎትን መልስ ይመዝግቡ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ ከባዶ ሃይላንድ በቀር ማንኛውም ልጅ ከቤቱ ምንም እንዲያመጣ አይገደድ፤ ባቄላውንና ክሩን ትምህርት ቤቱ ይሸፍን።