ለሳሙና የትኛው ዘይት፣ የትኛው ቅቤ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሳይፈላ፣ ዘይትን ወደ ሳሙና በሚቀይረው ኃይለኛ ኬሚካል፣ በኮስቲክ ሶዳ፣ ቤት ውስጥ ስለሚሠራው ሳሙና የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዘይት ምርጫ ሆነ። ደስ ብሎኛል፤ የሳሙናው ጠባይ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ቅቤ ስል የእጽዋት ቅቤ ማለቴ ነው። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። በየትኞቹ ዘይቶች ልጀምር?

መልስ፦ በወይራና በኮኮናት። የወይራ ዘይት ለቆዳ የማይከብድ ሳሙና ይሰጣል፤ አረፋው ግን ትንሽ ነው። የኮኮናት ዘይት ሳሙናውን ያጠነክራል፣ አረፋውም ቶሎ ይነሳል። 70 በመቶ ወይራ፣ 30 በመቶ ኮኮናት አድርገህ ብትጀምር አያሳፍርህም። ሦስተኛ ካማረህ ከወይራው 5 በመቶ ቀንስና የጉሎ ዘይት ተካበት። ጉሎ አረፋው ቶሎ እንዳይጠፋ ይይዘዋል። ሲበዛ ግን ሳሙናው ይለሰልሳል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ አረፋ በጣም ስለምወድ ኮኮናቱን 60 በመቶ ላድርገው?

መልስ፦ ለገላ ከሆነ ይቅርብሽ። ከኮኮናት ዘይት ግማሽ የሚጠጋው ላውሪክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ነው። ከእሱ የሚወጣው ሳሙና ቆሻሻ ሲያነሳ የቆዳሽንም ቅባት አይምርም። ታጥበሽ ስትጨርሺ ፊትሽ ውጥር ይልብሻል። ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። ለልብስ ማጠቢያ ከሆነ ግን ኮኮናት ብቻውንም ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ የኮኮናት ዘይት አልቆብኛል። በዚያው ልክ ወይራ ብተካበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉም ጥያቄ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ዘይት ወደ ሳሙና ለመቀየር የሚፈልገው የኮስቲክ ሶዳ መጠን ይለያያል። 1 ግራም ወይራ 0.135 ግራም ገደማ ይፈልጋል። 1 ግራም ኮኮናት ደግሞ 0.183 ገደማ።

350 ግራም ወይራና 150 ግራም ኮኮናት አለሽ እንበል። ወይራው 47.25፣ ኮኮናቱ 27.45፣ በድምሩ 74.7 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይወጣል። ትንሽ ዘይት ሳሙና ሳይሆን እንዲተርፍ ከዚያ ላይ 5 በመቶ እንቀንሳለን። ወደ 71 ግራም ይመጣል። አሁን ኮኮናቱን በወይራ ተኪው። 500 ግራም ወይራ ቢበዛ ቢበዛ የሚፈልገው 67.5 ግራም ነው። አንቺ 71 ጨምረሻል! ሦስት ግራም ተኩል የሚሆነው ኮስቲክ ሶዳ የሚይዘው ዘይት አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ቆዳ የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ሒሳቡ እንደገና ይሠራ። ኢንተርኔት ላይ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ የሳሙና ማስሊያዎች አሉ፤ በነፃ ነው የሚሠሩልሽ። ልኬቱም በሚዛን ይሁን፣ በኩባያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የሺአ ቅቤ ለቆዳ ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁ። ግማሹን ሺአ ባደርገውስ?

መልስ፦ አረፋው ይሞትብሃል። ከ10 እስከ 15 በመቶ ያለው ሺአ ሳሙናውን ያጠነክረዋል፣ አረፋውንም እንደ ክሬም ያለሰልሰዋል። ሺአ ከብዙ ዘይቶች በተለየ ሳሙና የማይሆን ክፍል በርከት ብሎ አለው፤ ብዙ ሰው የሚወድለትም ለዚህ ነው። በደንብ አቅልጠው። አንዲት ፍሬ እንኳን ሳትቀልጥ ከቀረች፣ ሳሙናውን ስትቆርጠው ነጫጭ ነጥቦች ታያለህ። ጉዳት የላቸውም፤ መልክ ግን ያበላሻሉ። የኮኮዋ ቅቤም በዚሁ ልክ ይበቃል። ሲበዛ ሳሙናው ቢላ ሲነካው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ በሱፍ ዘይት የሠራሁት ሳሙና ብርቱካናማ ነጠብጣብ አወጣ። ሽታውም ተቀየረ። ለምን?

መልስ፦ ዘይቱ ሻግቶ አይደለም፣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው የተበላሸው። ተራ የሱፍ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት አሲድ ይበዛበታል፤ እሱ ደግሞ አየር ቶሎ ያበላሸዋል። ከ15 በመቶ በላይ አታስገቢ። ኦሌይክ አሲድ (ቶሎ የማይበላሸው የቅባት አሲድ) የበዛበት የሱፍ ዘይት ካገኘሽ ግን እንደ ወይራ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ዘይቱን አሽትቺው። የከረመ ዘይት ሽታ ካለው ሳሙናም ሆኖ አይድንም።

ጥያቄ፦ የፓልም ዘይት መጠቀም አልፈልግም። ምን ልተካበት?

መልስ፦ የጠራ የከብት ሞራ ጥሩ ምትክ ነው። ከእንስሳ የሚመጣ ካልፈለጋችሁ የሺአና የኮኮዋ ቅቤ። ሒሳቡን እንደገና!

ጥያቄ፦ ውድ የሆነ የአርጋን ዘይት አለኝ። መጨረሻ ላይ ብጨምረው ሳይቀየር ይተርፍልኛል?

መልስ፦ አይተርፍም። በዚህ አሠራር ሳሙናው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከገባም በኋላ ኮስቲክ ሶዳው ሥራውን ይቀጥላል፤ ያገኘውን ዘይት ሁሉ ይቀይራል እንጂ አይመርጥም። አርጋኑን ፊትሽን ተቀቢው።

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየም ድስት ይሆናል?

መልስ፦ በፍጹም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል። አይዝጌ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ያዙ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ሁልጊዜ ኮስቲክ ሶዳውን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍሱ።

ጥያቄ፦ ከስንት ጊዜ በኋላ ልታጠብበት?

መልስ፦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ወይራ ብቻ ከሆነ ግን ታገሥ፤ ስድስት ወር፣ ከቻልክም ዓመት ቢቆይ ይጠነክራል፣ ያ ልጋግ የሚመስለው አረፋውም ይሻሻላል።