የሽጉጥ ሕግ በሰልፍ ይቀየራል? ፊርማውስ ለማን ይግባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። በደወለ ቁጥር «እዚህ ሕዝቡ ራሱ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ የሽጉጥ ሕግ ያስቀይራል» ይለኛል። በረካ ላይ ባወራው ሳቁብኝ። ነገሩ እንዴት ነው? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ልጁ አልዋሸም፤ ግማሹን ግን አስቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ ስለመንቀሳቀስ በዋናነት ሕግ የሚያወጣው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ሕግ እንዲቀየር የሚወተውቱት ሰዎችም ዋሽንግተንን ትተው የየግዛታቸውን ምክር ቤት ደጅ ይጠናሉ። የቨርጂኒያው ምክር ቤት መቀመጫ ሪችመንድ ናት። 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አሉት። ጉባኤው በጥር ይከፈታል፤ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት የሚሰጠው ጊዜም 60 ቀን ብቻ ነው። ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ የሚያቀርበው አባል ያሻዋል፤ ከዚያ ወደ ኮሚቴ ይመራል። ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ አዳራሽ ሳይደርስ።

የልጁን ወሬ ያሞቀው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2020 የሆነው ሳይሆን አይቀርም። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ የ2012 ጥምቀት ነበር፤ ወሎ ታቦት ሲያጅብ ሪችመንድ ላይ 22 ሺህ ገደማ ሰው የመሣሪያ ቁጥጥር ረቂቆችን ለመቃወም ወጣ። አገረ ገዢው ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ መሣሪያ ስለከለከሉ ብዙው ሰው ታጥቆ ከአጥር ውጭ ቀረ። ሰልፉ በሰላም ተጠናቀቀ። ውጤቱ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው ዓመት መሣሪያ ከመሸጡ በፊት የገዢው ማንነት እንዲጣራ የሚያስገድደው ሕግ፣ በ30 ቀን ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛትን የሚከለክለው ሕግና ለራሱ ወይም ለሰው አደገኛ ከሆነ ሰው እጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያ ለጊዜው የሚያስወስደው ሕግ ጸደቁ። የከሸፈው ትልቅ ረቂቅ ከወታደራዊ ጠመንጃ ጋር የሚመሳሰሉትን የሚከለክለው ነበር። እሱም የቆመው በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ በ10 ለ5 ድምፅ ነው፤ አራት የገዢው ፓርቲ አባላት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ስለቆሙ። ከ22 ሺህ ሰልፈኛ ይልቅ ያን ቀን የአራት ሰዎች እጅ ከበደ።

ሕጉን በትዕግሥት ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ከቴክሳሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ኪሊን በምትባል ከተማ አንድ ታጣቂ ምግብ ቤት ገብቶ 23 ሰው ገደለ። ሱዛና ሃፕ ሁለቱንም ወላጆቿን እዚያ አጣች። ሽጉጥ ነበራት፤ ይዞ መንቀሳቀስ ሕገ ወጥ ስለነበር ግን መኪና ውስጥ ትታው ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ በየምክር ቤቱ እየቀረበች መሰከረች። በ1993 የመጣውን ረቂቅ አገረ ገዢዋ አን ሪቻርድስ ውድቅ አደረጉት። በ1995 አዲሱ አገረ ገዢ ጆርጅ ቡሽ ፈረሙና ሽጉጥን ሸፍኖ በፈቃድ መያዝ ተፈቀደ። ያለ ፈቃድ መያዝ የተፈቀደው ደግሞ በ2021 ነው፤ በመካከሉ 26 ዓመት አለ። በተቃራኒው ወገን ያሉትም መንገዳቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በተገደሉ ማግሥት የተጀመረው የእናቶች እንቅስቃሴ ሕጉ እንዲጠብቅ በየግዛቱ ይወተውታል።

ጥያቄ፦ እንግዲያ እኛም ፊርማችንን ይዘን ባሕር ዳር ክልሉ ምክር ቤት ብንሄድስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለመንገዱ የምታወጡት ገንዘብ ያሳዝናል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 21 መሠረት የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። አሁን ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣኑን ለክልል በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ምዝገባውን አጠገባችሁ ያለ አካል ሊሠራው ይችላል፤ የአዋጁን ቃል የመለወጥ ሥልጣን ግን ከዚያ አይመጣም። አድራሻው አዲስ አበባ ነው፤ የመጀመሪያው በር ደግሞ የመረጣችሁት እንደራሴ።

ጥያቄ፦ በቅሬያችን (በዕድራችን) ፊርማ እያሰባሰብን ነው። ስንት ይበቃል? ደብዳቤውስ ምን ይምሰል? አብሽሩ በሉን። (ከሐይቅ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ አቤቱታ የማቅረብ መብት የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የፊርማ ብዛት አይጠይቅም። በአንድ ሰው እጅ ከተሞላ ሺህ ፊርማ፣ እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን በራሱ እጅ የጻፈበት 200 ይሻላል። አንድ አደራ ግን አለን። የመሣሪያ ዓይነትና ቁጥር በፊርማው ዝርዝር ላይ አትጻፉ። ያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማን ቤት ምን እንዳለ ለሌባ መንገር ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ከነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛውን ቃል እንዳለ ገልብጡ፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ ገዢው አማርኛው ነው። የአዋጁን ቁጥር፣ አንቀጹንና ንዑስ አንቀጹን ጥቀሱ። ከሥሩ «በሚከተለው ይተካ» ብላችሁ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ከዚያ ምክንያቱ በአራት ወይም በአምስት መስመር ይግባ። የቅሬው ቃለ ጉባኤና የፊርማው ዝርዝር አባሪ ይሆናሉ። ግልባጭ ለእንደራሴያችሁና ጉዳዩን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ። ስታስገቡ መዝገብ ቤት በራሳችሁ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን ያስፍርላችሁ፤ ያለዚያ ከሦስት ወር በኋላ «አልደረሰንም» ስትባሉ መልስ የላችሁም።

ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ደረጃውን ስለሚያምታታ ነው። አዋጅ የምክር ቤቱ ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፤ መመሪያ ደግሞ የአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት። የምታማርሩት በመመሪያ የተወሰነ ቅጽ ወይም ክፍያ ከሆነ ለምክር ቤቱ መጻፍ ዝናብ ለማስቆም ጎረቤት መክሰስ ነው። ሕጉ ደህና ሆኖ አንድ ቢሮ ካጉላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ የአፈጻጸም ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ካልሆነም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። «ትጥቅ ባህላችን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ብቻውን አይራመድም። ባህሉን ማንም አይክድም፤ የትኛው አንቀጽ እንደነካው ካልተጻፈ ግን ኮሚቴው የሚያርመው ነገር አያገኝም።

ጊዜውንም አስሉ። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ሰኔ የበጀት ወር ነው፤ ደብዳቤያችሁ ከበጀት ሰነድ ሥር ይቀበራል። ጥቅምትና ኅዳር የተሻሉ ናቸው። ዜጋ በቀጥታ ረቂቅ አያቀርብም፤ ስለዚህ የእንደራሴውን ጆሮ ማግኘት የግድ ነው። ረቂቅ ከመጣ ቋሚ ኮሚቴው የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ ይናገር፣ ሌላው ይጻፍ። ማኅበር ማቋቋም ካሰባችሁ የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ በር ከፍቷል፤ በፊት የነበረው የ2001ዱ አዋጅ በዚህ በኩል ጠባብ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደ ሪችመንዶቹ ታጥቀን ሰልፍ ብንወጣስ? (ከመርሳ)

መልስ፦ አይሆንም። አንቀጽ 30 ራሱ «መሣሪያ ሳይዝ በሰላም» ይላል። ለሰልፉም በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው ወይም ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው የተገላቢጦሹን ነው። በሠርግ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ልጆቻችን ግቢ ውስጥ ናቸው። ለዚህም አዲስ አበባ ድረስ ልጻፍ? (ከባቲ፣ እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ አዋጁ ይጥበቅ ካሉ መንገዱ ከላይ ያልነው ነው። ለሠርጉ ግን ቅርብ መድኃኒት አለ፤ የቅሬው መተዳደሪያ ደንብ። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ይጨመር፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ አባላት ይፈርሙበት። ቅጣቱን በተኳሹ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት አይሠራም፤ ተኳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቀበሌ የመጣ እንግዳ ነውና ቅሬው አያገኘውም። ኃላፊነቱን በደጋሹ ላይ አድርጉት። ደጋሹ የቅሬው ድንኳንና ዕቃ ሲወስድ መያዣ ያስይዝ፤ ጥይት ከተተኮሰ መያዣው አይመለስለትም። ያኔ እንግዳውን በር ላይ «መሣሪያህን አስቀምጥ» የሚለው ደጋሹ ራሱ ይሆናል። ሰው ከተመታ ወይም ተኩሱ ከቀጠለ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው፤ የቅሬው ቅጣት የሕጉን አይተካም።