መረብ የሌለው ግብ፦ ለጀማሪ ዳኞች

የመጀመሪያውን የዳኝነት ኮርስ ጨርሳችሁ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ላንጠለጠላችሁ ልጆች ነው የምጽፈው። አስራ ሰባቱን ሕግ አጥንታችኋል። ካርዶቹ ኪሳችሁ ገብተዋል። ቅዳሜ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሜዳ ግን ኮርሱ ላይ በሥዕል ያያችሁት አይደለም። መስመሩ በኖራ ተሰምሮ ግማሹን ዝናብ አጥቦታል። ከአንዱ ግብ ጀርባ ቦይ አለ። ረዳት ዳኛ ተብሎ ባንዲራ የሚይዝላችሁ የአንዱ ቡድን አሰልጣኝ ታናሽ ወንድም ነው። መረብም የለም።

ከመረቡ ልጀምር። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ እሱ ነው።

ክረምት ነበር፣ የሰፈር ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አንድ ለአንድ ናቸው፣ ሊያልቅ ትንሽ ደቂቃ ቀርቶታል። አጥቂው ከርቀት ሲመታት ኳሷ ቋሚውን ታክካ አለፈች። በውስጥ ይሁን በውጪ አላየሁም፤ ሁለት ተከላካዮች ፊቴ ቆመው ነበር። ከጀርባዬ ያለው ሕዝብ ግን "ጎል!" ብሎ ሲፈነዳ እጄ ወደ መሐል ሜዳ ተዘረጋ። በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ዳኘሁ።

በረኛው አስራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እየሮጠ መጣና "ጋሼ፣ በውጪ ነው የወጣችው። ይምጡና ምልክቷን ይዩ" አለኝ። ሄድኩ። ከቋሚው ውጪ፣ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ጭቃው ላይ የኳሷ ዱካ እንደ ማህተም ቁጭ ብሏል።

ጨዋታው ገና አልቀጠለም ነበር። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። ዳኛ ውሳኔው ስህተት መሆኑን ከተረዳ፣ ጨዋታው እንደገና እስካልተጀመረ ድረስ መለወጥ ይችላል። መብቱ ነበረኝ፣ ጊዜውም ነበረኝ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ሳይ ግን ፈራሁ። "ወስኛለሁ፣ ተመለስ" አልኩት። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ ግቡ ሄደ። ሁለት ለአንድ አለቀ። በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቀው ወደዚያው ሜዳ ሄድኩ። ቡድኑ ወድቋልና አልመጣም። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

ለዚህ ነው ደጋግሜ ያላያችሁትን አትንፉ የምላችሁ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ከባድ ነው። ያላያችሁትን ካልነፋችሁ አንዳንድ ቀን እውነተኛ ጎል ትከለክላላችሁ። እውነተኛ ሪጎሬ ያመልጣችኋል። ተጎጂው ልጅ ፊታችሁ ቆሞ ያለቅሳል። ያም ያማል። ቢሆንም "አላየሁም፣ ያላየሁትን መስጠት አልችልም" ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ ልትነግሩት ትችላላችሁ። በጩኸት የሰጣችሁትን ጎል ግን ለማንም ማስረዳት አትችሉም። እኔ ለዚያ በረኛ ምን ልለው እችል ነበር?

ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ሊዲያ ታፈሰ ለ2015ቱም ለ2019ኙም የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመርጣለች። እነሱን አይታችሁ ወደዚህ ሥራ ከመጣችሁ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በትልቁ መድረክ ጆሮ ላይ የሚያወራ ረዳት አለ፣ ዛሬ ደግሞ ቪኤአር፣ ማለትም በቪዲዮ የሚያይ ረዳት ዳኛ፣ አለ። እናንተ ያላችሁ ሁለት ዓይንና ሁለት እግር ነው። ዓይናችሁ እንዲያይ እግራችሁ መድረስ አለበት። የሰፈር ጨዋታ ነው ብሎ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ የሚዳኝ ሰው ያናድደኛል።

ሕጉን ደግሞ በየዓመቱ አንብቡ፤ ይለወጣል። ተጫዋቹ የሚከራከራችሁ ድሮ በሰማው ነው። "እጅ ነካ!" ይላችኋል። እጅ የነካ ኳስ ሁሉ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ሳያስበው እጁን ነክታው ወዲያው ያገባት ራሱ ከሆነ ጎሉ ይሻራል። እጁን ሳያስበው የነካችው ጓደኛውን ከሆነና ሌላው ካገባት ግን ጎሉ ይጸድቃል። በረኛ ኳስ በእጁ ሲያቆይ "ስድስት ሰከንድ!" እያለ የሚቆጥርም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ስምንት ሰከንድ ነው፤ ቅጣቱም የማዕዘን ምት ሆኗል። ይህን ረጋ ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትነግሩት፣ የጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

አንድ ጊዜ የአንድ አጥቂ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረና ወለቀ። ልጁ ዞር ብሎም አላየው፣ በካልሲው ሁለት ሰው አልፎ አገባ። የተጋጣሚው አሰልጣኝ "ያለ ጫማ የገባ ጎል!" እያለ ሜዳ ውስጥ ገባ። ጎሉ ትክክል ነው። ጫማው በአጋጣሚ የወለቀ ተጫዋች ኳሷ ከጨዋታ እስክትወጣ ድረስ መጫወት ይችላል፤ ቢያገባም ይጸድቅለታል። ልጁን ጫማህን አድርግ አልኩት፣ ጭቃውን በጣቱ እየጠረገ አደረገና ቀጠልን።

ከሁሉም የሚከብደው የማተብ ነገር ነው። ሕጉ የአንገት ጌጥ፣ ቀለበት፣ አምባርና የመሳሰለውን ሁሉ ይከለክላል፤ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቅድም። ማተብ ግን ለባለቤቱ ጌጥ አይደለም። አንድ ልጅ "ከክርስትናዬ ጀምሮ አውልቄው አላውቅም" ቢላችሁ እውነቱን ነው። በሌላ በኩል ሁለት ልጆች ተጠላልፈው ሲወድቁ አንገት ላይ ያለ ክር ምን እንደሚያደርግ አስቡት፤ መስቀሉ ብረት ከሆነ ደግሞ ባሰ። እኔ ሁሌም እንዲወልቅ አደርጋለሁ። ግን ሕዝብ ፊት "አውልቅ!" ብዬ አላውቅም። ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ልጁን ለብቻው ጠርቼ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ ለሚያምነው ሰው እንዲሰጥ ጊዜ እሰጠዋለሁ። አንዱ ለእናቱ ሰጣት። እሷም ዘጠናውን ደቂቃ በመዳፏ ጨብጣው ቆመች። ሂጃብ የምትለብስ ተጫዋች ስትመጣ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የራስ መሸፈኛ ተፈቅዷል፤ ከማሊያው ጋር ያልተያያዘና አደጋ የማያመጣ መሆኑን አይታችሁ ታስገቧታላችሁ።

ስድብ ይኖራል። "ዳኛ ሌባ!" የሚለውን ትሰማላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ከሜዳ ዳር የሚመጣውን ተዉት። ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ከተሳደበ ግን ካርዱን አታስቀሩበት፤ የእሱን አፍ ያለፋችሁት ቀን ቀጣዩ ዳኛ ይከፍላል። ከጨዋታ በፊት የማንንም ምሳ አትብሉ። ሻይም ቢሆን።

አሁን ወደ ግቡ ልመልሳችሁ። መረብ በሌለበት ሜዳ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ቀድሜ ሁለቱንም ግቦች በእግሬ እዞራለሁ፣ ቋሚዎቹን ነቅነቅ አድርጌ አያለሁ። ከግቡ ጀርባ የተኮለኮሉትን ሕፃናት በትህትና አርቃለሁ። ልጅም ሆነ ውሻ ኳሷን ከጎል ቢያስቀራት የምሰጠው የዳኛ ኳስ ነው፣ ማለትም ጨዋታውን አቁሜ ኳሷን መሬት ላይ በመጣል አስቀጥላለሁ እንጂ ጎል አይደለም፤ ያ ደግሞ ሜዳውን የሚያቃጥል ጠብ ያመጣል። ጨዋታው ሲጀመር፣ ምት ይመጣል ብዬ ካሰብኩ ቋሚው ከዓይኔ እንዳይሰወር ወደ ጎን እወጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን በረኞች አንድ በአንድ ሄጄ አናግራቸዋለሁ። "መረብ የለም። ያየሁትን እሰጣለሁ። ያላየሁት ነገር ካለ ጨዋታው ከመቀጠሉ በፊት ጥራኝ፣ መጥቼ አያለሁ" እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ መሬቱን አያለሁ።