ከግድግዳ አጠገብ ለሚበየድ ቧንቧ ምን ያህል ክፍተት ይበቃል?

ጥያቄዎ ከግድግዳ ጎን የሚያልፍ ባለ 8 ኢንች የብረት ቧንቧ እዚያው በተዘረጋበት በኤሌክትሮድ (ልባስ ባለው የብየዳ ዘንግ) ሲበየድ በጀርባው የተተወው 100 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል ወይ የሚል ነው። አይበቃም። በመጀመሪያ በበያጅነት፣ በኋላም በብየዳ ተቆጣጣሪነት ስሠራ ካየኋቸው የተበላሹ መጋጠሚያዎች ብዙዎቹ የተበላሹት በያጁ ሙያ ስላነሰው ሳይሆን እጁና ዐይኑ አብረው ሊደርሱ በማይችሉበት ቦታ እንዲበይድ ስለተደረገ ነው።

ቧንቧዎችን አራርቆ የሚነድፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው ፍላንጁ (ቧንቧዎችን በብሎን የሚያገናኘው ሰፊ ቀለበት) ከግድግዳው ወይም ከጎረቤት ቧንቧ ጋር እንዳይነካካና ለሙቀት መከላከያው ልባስ ቦታ እንዲተርፍ ነው። ይህ ስሌት መስመሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ላለው ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ለሚበየድበት ቀን ግን አይሆንም። የተለመደው ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ርዝመቱ 350 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ መያዣው፣ ጓንት ያጠለቀው እጅና የኬብሉ መታጠፊያ ይጨመራሉ። ኤሌክትሮዱ ደግሞ በዙሪያው ሁሉ ወደ ቧንቧው መሐል አቅጣጫ ቀጥ ብሎ፣ ጥቂት ብቻ ዘንበል ብሎ መያዝ ይኖርበታል። ቦታ ያጣ በያጅ ኤሌክትሮዱን ያጎብጠዋል፤ ሲጎብጥ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ አርኩ (በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ይረዝማል፣ ስላግ (ከልባሱ የሚቀረው ዝቃጭ) በውስጥ ይቀራል፣ የስሩ መስመርም (የብየዳው የመጀመሪያው፣ የውስጠኛው ንብርብር) ሳይዋሐድ ያልፋል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ የተበየደ መጋጠሚያ በውኃ ግፊት ፍተሻ ላይ ከግድግዳው በኩል አፈሰሰ። ከፊት ለፊት ሲታይ ያማረ ብየዳ ነበር። ለመጠገን ከጎኑ ያሉትን ሁለት መስመሮች ማውረድ ስላስፈለገ፣ በግማሽ ቀን የተሠራው ሥራ ቀናት ፈጀ፤ የበያጁም ስም ያለ ጥፋቱ ተነሣ። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ በቦታው ለሚሠራ የኤሌክትሮድ ብየዳ በዙሪያው ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር፣ በያጁ ራሱንና ማስኩን ማስገባት በሚያስፈልገው ጎን ደግሞ 450 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ እጠይቃለሁ። የቲግ ብየዳ (በማይቀልጥ የተንግስተን ኤሌክትሮድና በመከላከያ ጋዝ የሚሠራው) ችቦ አጭር የኋላ ክዳን ከተገጠመለት ባነሰ ቦታ ይገባል፤ ሆኖም ሌላው እጅ የመሙያ ሽቦውን ስለሚይዝ በሁለቱም በኩል መድረሻ ይፈልጋል። በመስታወት እያዩ መበየድ የሚችሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን አስቀድሞ በተመሳሳይ ጠባብ ናሙና ላይ ሳይለማመዱት ሊታዘዝ አይገባም። ክፍት ቦታ ላይ የ6ጂ ፈተናን (45 ዲግሪ ዘንበል ያለ ቧንቧ ሳይሽከረከር የሚበየድበትን) ማለፍ ለዚህ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የ6ጂአር ፈተና ከመጋጠሚያው አጠገብ ማገጃ ቀለበት የሚደረግበት በዚሁ ምክንያት ነው። ክፍተቱ ለግራይንደሩና ብየዳው በጨረር ለሚፈተሽበት የራዲዮግራፊ ፊልምም እንደሚያስፈልግ አይዘንጉ።

ግድግዳውን ማራቅ ስለማይቻል መጋጠሚያውን ያዛውሩት። በግድግዳው በኩል የሚውለው ክፍል ቧንቧው እየተሽከረከረ በወርክሾፕ ውስጥ ይበየድ፤ በቦታው የሚቀረው መጋጠሚያ ደግሞ ግልጽ ቦታ ላይ እንዲወድቅ ክፍሎቹን ይከፋፍሏቸው፤ ከአንደኛው ጫፍም 100 ወይም 150 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዉ፣ ሲገጠም ተለክቶ ይቆረጣል። ይህ ካልሆነ፣ ድጋፎቹ ሳይታሰሩ ቧንቧውን ከግድግዳው አርቀው በያዙበት ይበየድና ከተፈተሸ በኋላ ወደ ቦታው ይግፉት። ብዙ መስመሮች ጎን ለጎን ካሉ ለግድግዳው የቀረበው ይቅደም፣ የጎረቤታሞቹም መጋጠሚያዎች ፊት ለፊት አይግጠሙ።

ከመወሰንዎ በፊት ሥራውን የሚሠራውን በያጅ ወደ ቦታው ይውሰዱት። ኃይሉ በተቋረጠበት፣ ማስኩን አድርጎ፣ ሙሉ ኤሌክትሮድ በመያዣው ይዞ ዙሪያውን ከታች እስከ ላይ ይከተለው፤ እጁ የታገደበትን ወይም ዐይኑ ጫፉን ያጣበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ምልክቱ የት ላይ እንደዋለና የመስመሩን ንድፍ ከላኩልን፣ መጋጠሚያው ወዴት ሊዛወር እንደሚችል አብረን እናያለን።