ባንኩን ልልቀቅ ወይ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ጠይቆኛል፦ «በታሪክ ተመርቄ ባንክ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። ያደግኩባትን ከተማ ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ። ስለ ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ሂዩ ሚለር አንብቤ ልቤ ተነሣሣ። ሥራዬን ልልቀቅ?»

ወንድሜ፣ ሚለር እኮ የአገሩን ታሪክ ያሳተመው የባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1802 ክሮማርቲ በምትባል የሰሜን ስኮትላንድ የወደብ ከተማ ተወለደ። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ከነመርከቡ ባሕር ላይ ቀረ። በ17 ዓመቱ ድንጋይ ጠራቢነት ገባ። ለምን መሰለህ? ግንበኛ ዘመዱ በብርዱ ወራት ሥራ እንደሚፈታ አይቶ ነበር። እኔም ያኔ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ ብሎ አሰበ። ሙያ ሲመርጥ ትርፍ ጊዜውን የቆጠረ ልጅ! ደመወዝ ብቻ ለሚጠይቁኝ ልጆች ሁሉ ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ሥራው ግን ዋጋ አስከፈለው። የድንጋዩ አቧራ ሳንባውን ጎዳውና ለሥራ ከሄደበት ከኤዲንብራ ከተማ ታሞ ተመለሰ። ከዚያ የመቃብር ድንጋይ ላይ ጽሑፍ መቅረጽ ያዘ። እስቲ አስበው፤ ቀኑን ሙሉ መቃብር ቦታ ተቀምጦ የአገሩን ሰው ስም ይቀርጻል። ታሪክ ለሚለቅም ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

በ1834 ባንክ ገባ። በዓመቱ የአካባቢውን አፈ ታሪክና ትዝታ የሰበሰበበት መጽሐፍ ወጣ። ብዕር እንጀራው የሆነው በ1840 ነው፤ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ሲቀጠር። ያም ቢሆን ደመወዝ ነበረው።

መጨረሻው ያሳዝናል። በ1856፣ በ54 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ምክንያቱን ለአንድ ነገር መስጠት አይቻልም፤ በዚያ ሰሞን ግን መጽሐፍ ለመጨረስ ራሱን ክፉኛ ያደክም ነበር። አንተም እንቅልፍህን አትንካ።

ስለዚህ ባንኩን አትልቀቅ። የመዝገብ ቤቱ ወረቀት ይቆይ፤ መጀመሪያ ወደ ከተማህ ሽማግሌዎች ሂድ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰው ይበቃሃል። ፈቃዳቸውን ጠይቀህ በስልክህ ቅዳ፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደነገረህ የዚያኑ ማታ ጻፍ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ቢነግርህ አታስታርቃቸው፣ ሁለቱንም ያዝ። በመጽሐፍ አትጀምር። ሚለርም ቀደም ብሎ ስለ ዓሣ አጥማጆች ለጋዜጣ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አራት ቅዳሜ ሞክረህ የመጀመሪያውን ሦስት ገጽ ላክልኝ፤ ስለ መልቀቅ ያኔ እናወራለን።